መኪናው የሚችለው

«እኔን ከጠየቅኸኝ ትልቁ ይሁን» አለች መሠረት፣ እንቁላሉን ከነመጥበሻው ባሏ ፊት እያስቀመጠች።

ሳህሉ ጆሮውን ማመን አቃተው። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ሚስቱ ከሁለት ነገር ትልቁን የመረጠችበት ቀን ትዝ አይለውም። ሽንኩርት ስትገዛ ትንንሹን የምትለቅም፣ ፍሪጁ ሲበላሽ ከሰው ቤት የወጣ አሮጌ አፈላልጋ የምታመጣ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ማሞቂያውን ከኋላው እየተከተለች የምታጠፋበት ሴት ናት። አሁን ግን ካራቫን፣ በመኪና የሚጎተት የመንገደኛ ቤት፣ ያውም በዓይኗ ማየት የማትፈልገው ካራቫን፣ ትልቁ ይሁን አለች። ይኼንንም ስትል አላኮረፈችም፤ ዳቦውን ቆርሳ ሰጠችው፣ ሚጥሚጣውን ሳይጠይቃት አቀበለችው። ሳህሉ መጉረሱን ቀጠለ። ብዙ ቢናገር የሚያበላሸው መሰለው።

ቤታቸው ቶተንሃም ውስጥ ግድግዳ ተጋርተው ከተደረደሩት ጠባብ ቤቶች አንዱ ነው። ሌላው ሰው አበባ በሚተክልበት ደጃፍ ላይ የሳህሉ ትንሽዬ ካራቫን ቆማለች፤ ሁለት ሰው ብቻ የምታስተኛ፣ ጣሪያዋ አረንጓዴ ሽበት ያበቀለ፣ የሳሎኑን ብርሃን የከለለች። ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ አምና ጡረታ ወጥቷል። በየዓመቱ ሙቀት ሲገባ ያችን ካራቫን ከመኪናው ኋላ ይቀጥልና ባሕር ወዳለበት ብቻውን ይሄዳል። መሠረት «ቆርቆሮ ውስጥ አልተኛም» ብላ ከቀረች ዘመን ሆኗታል። እቤትም ቢሆን ማንኮራፋቱን ሰበብ አድርጋ፣ ሴት ልጃቸው ሶልያና ያገባች ሰሞን፣ የልጅቷ አልጋ ላይ ሰፍራ ቀርታለች። ጠብ የለም። ጠቡ ካለቀ ቆይቷል፤ ያለቀው ግን በእርቅ አይደለም፣ እንደ ሳሙና ሟሙቶ ነው። እሷ ከሥራ ትገባለች፣ የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ሰው ስታነሳ ስታስተኛ የዋለ ወገቧን ይዛ ደረጃውን ትወጣለች፣ ከክፍሏ የመዝሙር ቻናል ይሰማል። እሱ ኩሽና ውስጥ ሬዲዮውን ይከፍታል። መሐላቸው ያለው ደረጃ ነው።

አሮጌዋን ሰጥቶ ትልቅ መግዛትን ያነሳችው ከፋሲካ በኋላ ሶልያና ናት። «አባዬ፣ እኔና ቤኒ አምስት ሺህ ፓውንድ እናግዝሃለን» ስትለው ሳህሉ መጀመሪያ ሳቀ፤ ሽንት ቤት ገብቶ ግን ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተኛም። የማስታወቂያ ድረ ገጾችን እየከፈተ አልጋ ከአልጋ፣ ምድጃ ከምድጃ ሲያነጻጽር ያድራል። መሠረት ደግሞ አንድ ቀን በኩሽናው በር ስታልፍ ቆም ብላ ስልኩን አየችና፣ «ይኼኛው ሽንት ቤቱ በር አለው?» አለችው። ይህች አንዲት ጥያቄ በቃችው። ልትመጣ ነው ማለት ነው። ዕድሜ ሰውን ያለዝባል፣ አለ በሆዱ።

እንቁላሉን እየበላ ስለ ክብደት አስረዳት። ሰው ካራቫን ሲገዛ ዋጋውን ብቻ ያያል፤ ዋናው ግን የሚጎትተው መኪና ነው። የተጎታቹ ክብደት ከጎታቹ ከመቶ ሰማንያ አምስት እጅ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የእሱ ፎርድ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ጋዙም፣ ድስቱም፣ ብርድ ልብሱም ተጭኖ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስድሳ ላይ ማቆም አለበት። ከዚያ ካለፈ መኪናም መለወጥ ሊመጣ ነው፤ መኪና ከተለወጠ ደግሞ የጡረታው ገንዘብ ደህና ሰንብት። መሠረት ጀርባዋን ሰጥታው ዕቃ ታጥባለች።

«ላንቺ ዕቃ ሠላሳ ኪሎ ይዤልሻለሁ» አላት። «ይበቃሻል?»

ቧንቧውን ጨመር አድርጋ ከፈተችው።

«ብዙ ነው» አለች።

ቤንጃሚን፣ ሶልያና ቤኒ የምትለው፣ ባሏ ነው። እዚሁ ለንደን ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ከእናቱና ከቤተ ክርስቲያን የለቀመ፣ ረጋ ያለ ልጅ። ካራቫን ሊመርጡ በእሱ መኪና ሄዱ፤ ሳህሉ ከፊት፣ እናትና ልጅ ከኋላ፣ መሐላቸው የስምንት ወሯ ኪዲ በሕፃን ወንበሯ። መንገዱ ወደ ሰሜን እየጠራ ሲሄድ ወሬው እንደተለመደው ኪራይ ላይ አረፈ። ኪልበርን ያለችው አንድ መኝታ ቤታቸው በወር ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ፓውንድ ገብታለች፤ አከራዩ ከመስከረም ጀምሮ ሊጨምር ነው፤ የኪዲ አልጋ ያለበት ግድግዳ በእርጥበት ጠቁሮ ልጅቷ ሌሊት ሌሊት ታስላለች። ሳህሉ አዳመጠና፣ «እኔ ባንተ ዕድሜ ቤቴን ገዝቼ ነበር» አለው አማቹን። «ያውም አውቶቡስ እየነዳሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ሳላይ።» ክፉ ሊናገር አልነበረም፤ ለእሱ ይህ ማበረታቻ ነው። ቤንጃሚን መንገዱን እያየ «ልክ ነዎት ጋሼ» አለ። ሶልያና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። መሠረት ለሕፃኗ ብስኩት ሰጠቻት።

መሸጫው ሰፊ ጠጠር ግቢ ነው፤ ነጫጭ ካራቫኖች በረድፍ በረድፍ ቆመው፣ እያንዳንዱ መስኮቱ ላይ ዋጋው በትልቁ ተለጥፎበታል። ሻጩ ግራሃም የሚባል ፊቱ የቀላ እንግሊዛዊ ነው። የሁሉንም እጅ ጨበጠ፣ ሕፃኗን አሳቀ፣ ቁልፍ የተንጠለጠለበትን ሰንሰለት እያንቃጨለ ከፊት ከፊት ሄደ። ሳህሉ ግን የሚፈልገውን ከቤቱ ያውቀዋል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አገኛት፤ ስድስት ዓመት ያገለገለች፣ አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ፓውንድ፣ ተጭና አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥር ኪሎ። ገባ። አዲስ ምንጣፍና ሙጫ ይሸታል። አልጋው ማታ ማታ የሚዘረጋ ሳይሆን ቀንም ሌትም አልጋ ሆኖ የሚኖር፣ ፍራሹ ወፍራም። ሽንት ቤቱ በር አለው፤ ከፍቶ ዘግቶ አየው። ከፊት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሆነ መስኮት ነበረው። ሳህሉ መስኮቱ ሥር ተቀመጠና በጠጠሩ ፈንታ ግራጫውን ባሕር አየበት። መሠረት እዚህ ጋ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። እሱ ሻይ ያፈላል። አይነጋገሩም ይሆናል፤ ቢሆንም መሐላቸው ደረጃ የለም።

«መሲ!» ብሎ ጠራት፤ እንዲህ ብሎ ከጠራት ዓመታት አልፈዋል። «ነይ እስቲ ጋደም በይበት።»

ገባች። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው።

«ይመቻል?»

«አልጋ ነው» አለች።

ሶልያና ከሌላ ረድፍ ተጣራች። ያቆማት ካራቫን ከሌሎቹ ሁሉ የሚረዝም፣ ጎማው አራት፣ በሩ ላይ መወጣጫ ያለው ነው። ዋጋው ሃያ አንድ ሺህ ተኩል። ሳህሉ ከውጭ የተለጠፈውን የክብደት ጽሑፍ ጎንበስ ብሎ አነበበና ሳቀ። አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና። ከመኪናው ይከብዳል።

«ይኼማ እኛን ነው የሚጎትተን» አለ። «ዳገት ላይ ይዞን ወደ ኋላ ነው የሚወርደው። መኪናው አይችለውም።»

«ጋሼ፣ ስለ ክብደቱ አይጨነቁ» አለ ቤንጃሚን።

«እንዴት አልጨነቅ? ነጂው እኔ አይደለሁ?»

«አይጨነቁ ነው የምልዎት። ገብተው ብቻ ይዩት።»

ገቡ። አምስት ሰውና አንድ ሕፃን ሆነው እንኳ አልጠበባቸውም። ሳህሉ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ስለ ፍሬን፣ ስለ ንፋስ፣ ትልቅ የጭነት መኪና በአጠገብ ሲያልፍ ካራቫን እንዴት እንደሚወዛወዝ ለአማቹ ማስረዳቱን ቀጠለ። ቤንጃሚን ራሱን ይነቀንቃል፤ ጆሮው ግን ሶልያና ዘንድ ነው። ሶልያና ከግራሃም ጋር በእንግሊዝኛ ታወራለች። በጥር ብርድ ውሃው ቧንቧ ውስጥ ይረጋል? ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ነው በጋዝ? ሻወሩ በየቀኑ ቢታጠቡበት ይችላል? ትንሽ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚገባበት ቦታ ይኖረዋል? ሳህሉ ከማስረዳቱ መሐል ቆመ። ለሁለት ሳምንት የባሕር ጉዞ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ምን ያደርጋል? በጥር ወርስ ማን ካራቫን ይዞ ይወጣል?

ግራሃም ለሁሉም መልስ ነበረው። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ይኖሩበታል፤ ከዚያ ወደ ሳህሉ ዞሮ፣ የጎረቤት ደግነት በሞላበት ድምፅ፣ «ስለ መጎተቱ ሐሳብ አይግባህ ጌታዬ» አለው። «ለልጅህ በስልክ እንደነገርኳት፣ ኤሴክስ ያለው እርሻ ድረስ እኛው ወስደን እናቆምልሃለን። አንዴ ከቆመ በኋላ ክብደቱ ምን ይጎዳሃል? ጥሩ ቦታ ነው፤ ጡረተኞች አሉበት፣ ጸጥታ ነው። ለአንድ ሰው ደግሞ ቤተ መንግሥት ማለት ነው።»

ሳህሉ እጁ ግድግዳው ላይ እንዳለ ቀረ። ሃያ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው፤ አንዷም ቃል አላመለጠችውም። ግራሃም አንድ ጊዜ አባትየውን አንድ ጊዜ ልጅቷን አየና፣ የሆነ ቁልፍ ረሳሁ ብሎ ወረደ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

«የምን እርሻ ነው?» አለ ሳህሉ።

ሶልያና ኪዲን ከባሏ ተቀብላ አቀፈቻት። «አባዬ፣ እንዳትቆጣ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብለን ልንነግርህ ነበር። እዚያ ቦታውን ሪዘርቭ አድርገንልሃል፤ መብራት አለው፣ ውሃ አለው። ኪራዩን እኛ እንከፍላለን። አንተ ሁልጊዜ ብቻዬን በሆንኩ፣ ጸጥታ ባገኘሁ ትል አልነበር? እኛ ደግሞ ኪልበርን አልቻልንም። ልጅቷን ታውቃታለህ፣ ደረቷ እያፏጨ ነው። ወደ ቤት እንገባለን፣ እማዬ ሥራዋን ቀንሳ ኪዲን ትይዝልናለች፤ ያንተ ክፍል...» አለችና አልጨረሰችውም።

«ትልቅ ክፍል ስለሆነ ነው» አለ ቤንጃሚን፣ ወለሉን እያየ።

ሳህሉ ወደ ሚስቱ ዞረ። መሠረት ምድጃው አጠገብ ቆማ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«አንቺስ? አብረሽኝ ትመጫለሽ ብዬ እኮ ነው። ሽንት ቤቱ በር አለው ወይ ያልሽኝ...»

«ላንተ ነው የጠየቅሁት» አለች። «በሽማግሌነትህ ባልዲ ላይ እንዳትቀመጥ።»

«መሠረት!»

«አትጩህብኝ። ለመጮህ እንኳ ጠባብ ነው።» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ምሳ ምን ይሠራ እንደምትል ሴት ነበር የምትናገረው። «ባሕር ልናይ ክላክተን ስንሄድ ታስታውሳለህ? ነዳጅ ማደያው ጋ ሽንት ቤት ገብቼ ስወጣ መኪናው የለም። ዘገየች፣ ትማር ብለህ ጥለኸኝ ሄድክ። ዝናቡ ይወርድብኛል፣ ስልኬ መኪናው ውስጥ ነው፣ ፈረንጁ ሁሉ ቆሞ ያየኛል። ከሰዓት በላይ ቆየህ። ይቺ ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ እናቴን መልስልኝ እያለች ስታለቅስ።»

«እሱን እኮ ሁላችንም ስንስቅበት የኖርነው ነው!»

«አንተ ነህ የሳቅከው። በየሠርጉ፣ በየክርስትናው ጨዋታ አድርገህ ያወራኸው አንተ ነህ። እኔ ስቄበት አላውቅም፤ አይተኸኝ ቢሆን ኖሮ ታውቀው ነበር።» ዚፑን ዘጋችው። «ስጎተትልህ ኖሬያለሁ። አሁን ደክሞኛል።»

ሳህሉ ልጁን አየ፤ የለም ትለዋለች፣ እማዬ ተይ ትላለች ብሎ ጠበቀ። ሶልያና የሕፃኗን አንገት አሸተተች። ከሕፃኗ ራስ በላይ የሚያዩት ዓይኖች ከኋላ ወንበር ሆነው ያዩት የነበሩት ዓይኖች ናቸው።

«ቤቱ የኔም ነው» አለ።

«ግማሹ ያንተ ነው። ማን ወሰደብህ? ጠበቃ አናግሬያለሁ። እንሽጠው ካልክ ይሸጥ፤ ያንተ ግማሽ ቶተንሃም ውስጥ ጓዳ አይገዛልህም፣ የኔም አይገዛልኝም፣ ልጆቹም እዚያው ሻጋታ ውስጥ ይቀራሉ። ካልሆነ ደግሞ እንዲህ ይሁን። ማንም ምንም አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ሰው ቢጠይቀኝ ካራቫኑን ይወዳል እላለሁ። ደግሞ ውሸት አይደለም።»

ውጭ ግራሃም የሌላ ካራቫን በር ሲከፍት ሲዘጋ ይሰማል። ሳህሉ ፊቱን የሚያዞርበት አጣ። የት ይዙር? በአንድ በኩል አልጋው ነው፣ በሌላው በኩል እነሱ። በአውቶቡሱ መስታወት ስንቱን ሰው፣ ስንቱን ጠብ፣ ስንቱን ለቅሶ ያየ ሰው፣ ከኋላው የተቀመጡትን የራሱን ሰዎች ሳያይ እዚህ ድረስ መንዳቱ ገረመው። መገረሙ ግን ብዙ አልቆየም፤ እልህ ተተካበት። እልህ የሚያውቀው ነገር ነው።

«እሺ» አለ። «እወጣላችኋለሁ። ይኼንን ግን አልገዛም። ያችን ነው የምገዛው፣ መኪናዬ የምትችለውን። በራሴ ገንዘብ፤ አምስት ሺሁን ለልጃችሁ ግዙበት። በማንም እርሻ ላይ እንደ ሞተ ፈረስ አታቆሙኝም። ሲያሰኘኝ ስኮትላንድ፣ ሲያሰኘኝ ዌልስ እሄዳለሁ። የት እንዳለሁም አታውቁም!»

ይኼን ሲል ደረቱ ተነፋ። አሁን ይደነግጣሉ፤ ሶልያና አባዬ ብቻህን እንዴት ትላለች፤ መሠረት እንኳ ቢሆን ታመነታለች። ሶልያና ባሏን አየችው። ቤንጃሚን አገጩን አከከ። ሁለቱም በልባቸው ያንኑ ሒሳብ ሲሠሩ ፊታቸው ላይ ይነበባል፤ አምስት ሺው ቀረልን፣ የእርሻው ኪራይም ቀረልን።

«እሱም... እሱም ጥሩ ነው ጋሼ» አለ ቤንጃሚን። «አክቹዋሊ፣ በጣም ጥሩ ነው።»

«እንዲያውም እሱ ይሻላል» አለች መሠረት። ከዚያም በስንት ዘመኗ እጇን ዘርግታ የኮቱን ክንድ መታ መታ አደረገችለት፤ ማቆያው ውስጥ መድኃኒቱን አልውጥም ብሎ ያስቸገረ ሽማግሌ በመጨረሻ ሲውጥላት እንደምታደርገው።

ሳህሉ በር ሊሰብር ተንደርድሮ ክፍት እንዳገኘው ሰው ሆነ። የቢሮው ጠረጴዛ ላይ ለቀብዱ ካርዱን አውጥቶ የምስጢር ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ግራሃም ወረቀቱን እያዘጋጀ፣ ካራቫኗን መቼ እንደሚወስዳት ጠየቀው። ሳህሉ በሐሳቡ የወሩ መጨረሻ፣ ምናልባት ሰኔ ብሎ ነበር።

«የሚመጣው ቅዳሜ» አለች ሶልያና ከኋላው። «ይሆናል አይደል አባዬ?»

«ይሆናል» አለ።

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ጨዋታ ነበር። ቤንጃሚን ሙዚቃ ከፈተ። መሠረት ስለ ሕፃን አልጋ፣ ሶልያና ስለ ቀለም አወሩ፤ ቢጫ ይሻላል፣ የለም ቢጫ ቶሎ ይቆሽሻል። ቤታቸው አቅራቢያ፣ ሰቨን ሲስተርስ ላይ ቆመው ለምሳ ዶሮና ሩዝ ገዙ፤ ለሳህሉም እንደሚወደው ቃሪያ አስጨመሩለት። ክፉ አልሆኑበትም። ይኼ ነበር የከፋው። ጠብ ቢሆን ይገባበት ነበር፣ ቢሰድቡት ይሰድባቸው ነበር። እነሱ ግን መንገደኛ እንደሚሸኝ ቤተሰብ ደግ ደጉን እያሰቡለት ነው። ቤት ሲደርሱ አልበላም ብሎ ወደ ክፍሉ ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ የምግቡ ሽታ በደረጃው ተከትሎት መጣ፣ ቀጥሎም ሳቅ፣ ቀጥሎም መሠረት ለሕፃኗ ስታዜም ሰማ። ድምፅዋ ያምራል። ሲያገባት መዘምራን ውስጥ ነበረች፤ ረስቶት ኖሯል።

ክፍሉ ወደ መንገዱ የሚያይ፣ ከቤቱ ሁሉ የሚሰፋው ነው። ቁምሳጥን፣ ሰፊ አልጋ፣ አንድ ወንበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ከነጫማው ተቀመጠ። ምን ምን ይዞ እንደሚሄድ ሊያስብ ሞከረ፤ ከኮቱና ከሬዲዮው በቀር አልታየው አለ። የሠላሳ ኪሎውን እንኳ የሚሞላ ነገር የለውም።

በሩ ተንኳኳ። ሶልያና ናት፣ ቤንጃሚን ከኋላዋ የብረት ሜትር ይዞ ቆሟል።

«አባዬ፣ ተኝተህ ነው እንዴ?»

«አልተኛሁም።»

«ሁለት ደቂቃ ብቻ። ሱቁ ሳይዘጋ ምንጣፉን ኦርደር እናድርግ ብለን ነው።»

«ግቡ» አለ።

ገቡ። ኪዲ ከእናቷ እቅፍ ወርዳ ወለሉ ላይ በእንብርክኳ ዳኸች፤ የአልጋውን እግር ያዘች፣ አያቷን ቀና ብላ አየችና ሳቀችለት። ቤንጃሚን መስኮቱ ጋ ቆሞ የሜትሩን ጫፍ ያዘ። ሶልያና ሌላውን ጫፍ እየሳበች በአልጋው አጠገብ መጣች፣ አጎነበሰችና የአባቷ ጫማ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አባዬ፣ እግርህን አንዴ ታነሳልኝ?»

ሳህሉ ሁለቱንም እግሮቹን ከወለሉ አነሳ። ሜትሩ ከሥሩ አለፈ። ሶልያና ቁጥሩን ጠራች፤ ባሏ ስልኩ ላይ እየጻፈ አልሰማት ኖሮ እንደገና ጠራችለት፣ ከዚያ ደግሞ ከግድግዳው ጀምረው ሊያረጋግጡ ተመለሱ። የሳህሉ ጉልበቶች ይንቀጠቀጡ ጀመር። በሁለት እጁ ፍራሹን ጨብጦ፣ በቃ እስክትለው ድረስ እግሮቹን አላወረደም።